ለአንድ ሕመም ልዩ ልዩ መድኃኒት፦ የጃፓኑ ካምፖ እና የወር አበባ ቁርጠት

በጃፓን ቤተሰቦች ዘንድ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የወር አበባ ስታይ እናት ወይም አያት «ሴኪሃን» ታበስላለች። ሴኪሃን ከትንንሽ ቀይ ባቄላዎች ጋር በመብሰሉ ቀላ ያለ መልክ የሚይዝ ሩዝ ሲሆን የደስታ ቀን ምግብ ነው። ማንም ምንም ሳይናገር ቀዩ ሩዝ ማዕድ ላይ ሲቀርብ ቤተሰቡ ይገባዋል፤ ልጃችን አደገች ማለት ነው። ዛሬ ብዙ ልጃገረዶች አባትና ወንድም ፊት እንዲህ መደረጉ ስለሚያሳፍራቸው ልማዱ እየቀነሰ መጥቷል።

ከደስታው ቀን በኋላ የሚመጣውን ግን የሚያበስርላት የለም። ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ወራት ወይም ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ቁርጠቱ ይጀምራል። ሆድ ይቆርጣል፣ ወገብ ይከፈላል፣ ያቅለሸልሻል፣ ራስ ይወቀራል። ያኔ ልጅቷ የምትሰማው ቃል «ጋማን» የሚል ነው። መቻል፣ ጥርስን ነክሶ ማሳለፍ ማለት ነው። እኛ ቤት «ስትወልጂ ይተውሻል» እንደሚባለው መሆኑ ነው።

ይህ መቻል ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ አንድ ሕግ ያሳየናል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1947 ባወጣችው የሥራ ደረጃዎች ሕግ፣ በወር አበባ ቀን መሥራት እጅግ የከበዳት ሴት ፈቃድ ስትጠይቅ አሠሪው እንዳያሠራት ደንግጋለች። ሕጉ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገ የመንግሥት ጥናት ግን ፈቃዱን የጠየቁት ሴት ሠራተኞች 0.9 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። ከመቶ አንዷ እንኳ አልሞላችም። የቀሩት ሁሉ ስላላመማቸው አይደለም። አለቃዬ ምን ይለኛል፣ ባልደረቦቼ ሥራ በዛብን ይሉኛል ብለው የሚተዉት ብዙ ናቸው።

በዚችው አገር ግን ሴቲቱን ቁጭ አድርጎ «እስቲ ንገሪኝ፣ እንዴት ነው የሚያምሽ?» ብሎ በመጠየቅ የሚጀምር የቆየ የሕክምና ዘዴ አለ። ስሙ ካምፖ ይባላል።

ከቻይና የመጣ፣ በጃፓን ያደገ

«ካን» የሚለው የጥንቱን የቻይና ሃን ሥርወ መንግሥት ያመለክታል፤ «ፖ» ደግሞ ዘዴ ማለት ነው። የቻይና ሕክምና በአምስተኛውና በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ በኮሪያ በኩል ወደ ጃፓን ገባ። ጃፓናውያን ለብዙ መቶ ዓመታት ከራሳቸው ልምድ ጋር እያዋሐዱ፣ የማይጠቅመውን እየጣሉ፣ የራሳቸው አደረጉት። ስሙ ራሱ የወጣው ዘግይቶ ነው። የደች ነጋዴዎች የአውሮፓን ሕክምና ይዘው ሲመጡ አዲሱ «ራንፖ»፣ ማለትም የሆላንድ ዘዴ ተባለ። የቆየው ደግሞ ካምፖ ተብሎ ተለየ።

በሜይጂ ዘመን ካምፖ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። መንግሥት የጀርመንን ሕክምና መረጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1883 የወጣው ሕግ ደግሞ ሐኪም ለመሆን የምዕራባውያኑን ሕክምና ተምሮ መፈተንን ግዴታ አደረገ። የካምፖ ባለሙያዎች የራሳቸው ፈቃድ እንዲኖራቸው ቢታገሉም እ.ኤ.አ. በ1895 ምክር ቤቱ ጥያቄያቸውን ውድቅ አደረገው።

ያ ውሳኔ ዛሬ ለታካሚዋ ጥቅም ሆኗል። በጃፓን ካምፖ የሚያዝ ሐኪም ማለት በዘመናዊ ሕክምና የተመረቀ ሐኪም ነው። የባህል መድኃኒት ሌላ ቤት፣ ዘመናዊው ሌላ ቤት አይደሉም። የቅጠልና የሥር መድኃኒት የሚያዝላት የማህፀን ሐኪም አልትራሳውንድም ያነሣላታል፣ የደም ምርመራም ያዝላታል፤ ካስፈለገም የሕመም ማስታገሻ ወይም የሆርሞን ኪኒን ይሰጣታል።

ካምፖ እ.ኤ.አ. በ1967 በብሔራዊው የጤና መድን መሸፈን ጀመረ። በ1976 ዝርዝሩ በብዙ ሰፋ። ዛሬ መድኑ የሚሸፍናቸው ቅምሞች 148 ናቸው። በሥራ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት እንደማንኛውም መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ የዋጋውን 30 በመቶ ብቻ ትከፍላለች። ከ2001 ጀምሮም ካምፖ የሕክምና ተማሪዎች ከሚማሩት መሠረታዊ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ገብቷል።

መድኃኒቱም እንደ ድሮው በሸክላ ድስት የሚፈላ ሥራ ሥር ብቻ አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ ተፈልቶ፣ ተጣርቶ፣ ደርቆ እንደ ፈጣን ቡና በትንንሽ ከረጢት ይታሸጋል። የተለመደው መጠን በቀን 7.5 ግራም ሲሆን በሦስት ተከፍሎ ከምግብ በፊት ወይም በምግብ መካከል ይወሰዳል። ብዙዎች በለብታ ውኃ በጥብጠው ይጠጡታል። ጣዕሙ መራራ ነው፤ ሽታውም አፈር አፈር ይላል። የለመዱት ግን ሽታውን ራሱን እንደ ሕክምናው አካል ያዩታል።

ሁለት ሴቶች፣ አንድ ሕመም

ሁለት ወጣቶች በአንድ ቀን፣ በአንድ ክሊኒክ፣ ለአንድ ሐኪም «የወር አበባዬ ሲመጣ ሆዴን ይቆርጠኛል» ብለው ነገሩት እንበል። በተለመደው አሠራር ሁለቱም አንድ ዓይነት ማስታገሻ ይዘው ሊወጡ ይችላሉ። ካምፖ የሚያውቅ ሐኪም ግን ገና አልጨረሰም።

ይጠይቃል። እግርሽ ይበርድሻል? ማታ ማታ ቁርጭምጭሚትሽ ያብጣል? ስትነሺ ያዞርሻል? ሆድ ድርቀት አለሽ? ደሙ ይረጋል? ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ትናደጃለሽ? እንቅልፍሽስ? ቁርጠቱ ትኩስ ነገር ሲያርፍበት ይሻለዋል ወይስ አይሻለውም?

ከዚያ ምላሷን ያያል፤ የልብ ምቷን ከእጅ አንጓዋ ላይ ይዳስሳል። በመጨረሻም አልጋ ላይ ጋደም ትላለች። እግሯን ዘርግታ፣ ሆዷን አላልታ ስትተኛ ሐኪሙ እጁን በቀስታ እያሳረፈ ሆዷን ይዳስሳል። የት ላይ ጠጠር አለ? የት ላይ ሲጫኗት ታመመች? ከእምብርቷ በታች ቀዝቃዛ ነው ወይስ ሞቃት? ይህ «ፉኩሺን» ይባላል። ጃፓናውያን ከቻይናው ሕክምና ይልቅ ትልቅ ቦታ የሰጡት ምርመራ ነው። ለዚህም በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪም ዮሺማሱ ቶዶ በተለይ ይጠቀሳል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ሥዕል «ሾ» ይባላል። ሾ የበሽታው ስም አይደለም፤ በሽታው በዚች ሴት ሰውነት ላይ የያዘው መልክ ነው። መድኃኒቱ የሚመረጠውም በሾ ነው።

የመጀመሪያዋ ወጣት ቀጠን ያለች፣ ፊቷ የገረጣ፣ ቶሎ የሚደክማት፣ በበጋ እንኳ እግሯ የሚበርዳት ናት እንበል። ሐኪሙ ወደ «ቶኪ-ሻኩያኩ-ሳን» ያዘነብላል። ሁለተኛዋ ጠንከር ያለች፣ ፊቷ ቶሎ ቶሎ የሚግል እግሯ ግን የሚቀዘቅዝ፣ ደሟ ጠቆር ብሎ የሚረጋ፣ ከእምብርቷ አጠገብ ሲጫኗት የምትታመም ናት። ለእሷ «ኬይሺ-ቡኩሪዮ-ጋን» ሊታዘዝ ይችላል። ካምፖ ይህን ዓይነቱን ምልክት «ኦኬትሱ»፣ ማለትም የታቆረ ደም ይለዋል። ስያሜው ጥንታዊ አገላለጽ ነው፤ በላቦራቶሪ የሚለካ ነገር አይደለም።

ከረጢቱ ውስጥ ምን አለ?

የመድኃኒቶቹ ስም የመጨረሻ ቃል የጥንት አሠራራቸውን ይናገራል። «ቶ» የሚፈላ፣ «ሳን» ዱቄት፣ «ጋን» ደግሞ ድብልብል ኪኒን ነው። ለወር አበባ ሕመም በብዛት የሚታዘዙት እነዚህ ናቸው፦

ቶኪ-ሻኩያኩ-ሳን። ስድስት ነገሮች አሉት። ዋናዎቹ ቶኪ የሚባለው የአንጀሊካ ዝርያ ሥርና ሻኩያኩ የሚባለው የፒዮኒ አበባ ሥር ናቸው። ጥሩ ስም ያለው ቶኪ በናራ አውራጃ ይበቅላል። ቅምሙ በቻይና ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት በዣንግ ዦንግጂንግ ሥራ ውስጥ ተጽፎ የቆየ ነው።

ኬይሺ-ቡኩሪዮ-ጋን። አምስት ነገሮች አሉት፦ ሁላችንም የምናውቀው ቀረፋ፣ የፒዮኒ ሥር፣ የኮክ ፍሬ አስኳል፣ ቦታን የሚባለው ሌላው የፒዮኒ ዝርያ የሥር ልጥ እና በፓይን ዛፍ ሥር ላይ የሚበቅል ቡኩሪዮ የተባለ ፈንገስ።

ካሚ-ሾዮ-ሳን። ከሕመሙ ጋር ንዴት፣ ጭንቀት፣ የትከሻ መወጠርና እንቅልፍ ማጣት ለሚበዛባት ሴት የሚመረጥ ነው።

ሻኩያኩ-ካንዞ-ቶ። ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ የፒዮኒ ሥርና ሊኮሪስ የሚባለው ጣፋጭ ሥር ብቻ። የጡንቻ መኮማተርን ለማላላት ስለሚታሰብ ሌሊት ባት ሲሸማቀቅም ይታዘዛል። ሌሎቹ ለሳምንታትና ለወራት የሚወሰዱ ሲሆኑ ይህኛው ብዙ ጊዜ ቁርጠቱ ባለባቸው ቀናት ብቻ ይሰጣል።

የሴቶች ሕመም በዚህ ታሪክ ውስጥ ዳር ላይ የቆመ ጉዳይ አይደለም። ዛሬ በጃፓን ከካምፖ አምራቾች ትልቁ የሆነው ጹሙራ እ.ኤ.አ. በ1893 ቶኪዮ ውስጥ ሲከፈት የመጀመሪያ ሸቀጡ «ቹጆቶ» የተባለ የሴቶች መድኃኒት ነበር።

ታዲያ ይሠራል?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በጥንቃቄ መሰጠት አለበት።

መጀመሪያ ሕመሙን እንወቀው። በወር አበባ ጊዜ የማህፀን ግድግዳ ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ይለቃል። እነሱም ማህፀኑን ያኮማትሩታል። ሲበዙ መኮማተሩ ይጠነክራል፤ ወደ ማህፀን የሚሄደው ደም ለጊዜው ይቀንሳል፤ ሕመሙ ይመጣል። ኢቡፕሮፌንና መሰሎቹ የሚያስታግሱት የፕሮስታግላንዲንን መመረት ስለሚቀንሱ ነው። ውጤታቸው በብዙ ጥናት የተረጋገጠ ነው፤ ቁርጠቱ እንደጀመረ ቶሎ ሲወሰዱ ይበልጥ ይሠራሉ። የጨጓራ ቁስለትና የኩላሊት ችግር ላለባት ግን አይስማሙም።

ካምፖን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በጃፓን ተመራማሪዎች የታተመ አንድ ጥናት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። 40 ሴቶች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ ቶኪ-ሻኩያኩ-ሳን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ነገር ወሰዱ፤ ማን ምን እንደወሰደ ሴቶቹም ሐኪሞቹም አላወቁም። መድኃኒቱን የወሰዱት ሕመማቸው የበለጠ ቀነሰ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ የተመረጡት ሾአቸው ለዚህ መድኃኒት የሚስማማ ሴቶች ብቻ መሆናቸው ነው። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም የካምፖን አስተሳሰብ አክብሮ በዘመናዊ ሚዛን የመዘነ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ኮክሬን የተባለው የጥናቶች መርማሪ ተቋም በቻይና ዕፅዋት ሕክምና ላይ የተሠሩ 39 ጥናቶችን መረመረ። በአጠቃላይ 3,475 ሴቶች የተሳተፉባቸው ነበሩ። መደምደሚያው ሁለት ፊት አለው፦ ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ነው፤ ነገር ግን የአብዛኞቹ ጥናቶች ጥራት ደካማ ስለሆነ በልበ ሙሉነት መናገር አይቻልም።

ስለዚህ ካምፖ ለአንዳንድ ሴቶች የሚረዳ፣ ማስረጃው ግን ገና ያልጠነከረ ሕክምና ነው። ለሁሉም የሚሠራ ተአምር ነው ብሎ የሚሸጥልዎ ካለ ከጃፓን ሐኪሞች የሚበልጥ እያወራ ነው።

«ተፈጥሮ ነው፣ ምንም አያደርግም» የሚለው አደጋ

የካምፖ ከረጢት ከመድኃኒት ቤት የሚወጣው የማስጠንቀቂያ ወረቀት ይዞ ነው። ያለ ምክንያት አይደለም።

ሊኮሪስ በብዛት ወይም ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ በሰውነት ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ያወርዳል፤ የደም ግፊት ይጨምራል፤ እግር ያብጣል፤ ጡንቻ ይዝላል። ሻኩያኩ-ካንዞ-ቶ ፖታሲየሙ ለወረደበት ሰው ክልክል ነው። ሽንት የሚያስወጣ የግፊት መድኃኒት የምትወስድ ሴትም ለሐኪሟ ሳትናገር መጀመር የለባትም። ሊኮሪስ በአብዛኞቹ የካምፖ ቅምሞች ውስጥ ስላለ ሁለት ዓይነት በአንድ ላይ መውሰድ ሳያውቁት መጠኑን ማብዛት ነው።

በኬይሺ-ቡኩሪዮ-ጋን ውስጥ ያሉት የኮክ አስኳልና የቦታን ልጥ ፅንስ ሊያስወርዱ ይችላሉ ተብሎ ስለሚሰጋ ለነፍሰ ጡር አይመከሩም። በካሚ-ሾዮ-ሳን ውስጥ ያለው የጋርዲኒያ ፍሬም ለዓመታት ሲወሰድ በአንጀት ደም ሥሮች ላይ ጉዳት እንደሚያመጣ ተስተውሎ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል።

ይህ ሁሉ ሊታወቅ የቻለው መድኃኒቱ በግራም ስለሚለካ፣ ማን ምን እንደወሰደ ስለሚመዘገብ፣ የደረሰውም ጉዳት ስለሚነገር ነው። ከማይታወቅ ሻጭ በኢንተርኔት የመጣ፣ ስሙ ብቻ «የጃፓን መድኃኒት» የሆነ ዱቄት ይህ ሁሉ ጥበቃ የለውም።

ሕመሙ ሲታገሥ ሌላ ነገር ሲያድግ

ትልቁ አደጋ ግን መድኃኒቱ ላይ አይደለም፤ ሕመሙን ሸፍኖ መኖሩ ላይ ነው።

የወር አበባ ሕመም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሽታ የሌለበት፣ በፕሮስታግላንዲን ብቻ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ከጀርባው ሌላ ነገር ያለበት ነው፤ እንደ ማዮማ፣ ወይም የማህፀን ግድግዳን የመሰለ ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት ኢንዶሜትሪዮሲስ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ኢንዶሜትሪዮሲስ በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶችና ልጃገረዶች አሥር በመቶ ያህሉን ይይዛል። «ያው የሴት ነገር ነው» እየተባለ ለዓመታት ሳይታወቅ መቆየቱና ልጅ ለመውለድ ሲፈለግ መገለጡ የተለመደ ነው።

የሚከተሉት ካሉ ካምፖም ሆነ የቤት መድኃኒት ከመሞከር በፊት የማህፀን ሐኪም መታየት ያስፈልጋል፦

• ሕመሙ ከዓመት ዓመት እየባሰ ከሄደ፣ ወይም ለዓመታት ያለ ሕመም ኖረው አሁን ከጀመረ፤
• ማስታገሻ ተወስዶ እንኳ ከትምህርት ቤት ወይም ከሥራ የሚያስቀር ከሆነ፤
• የወር አበባ በሌለበት ጊዜም ሆድ ካመመ፣ ወይም በግንኙነት፣ በሽንትና በዓይነ ምድር ጊዜ ካመመ፤
• ደሙ በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይር ከሆነ፤
• ትኩሳት ወይም ያልተለመደ ፈሳሽ ካለ፤
• እርግዝና ሊኖር ይችላል የሚል ጥርጣሬ ካለ።

ከካምፖ ወደ ቤታችን የምንወስደው

ውድ አንባቢያን፣ የቶኪ ሥር ፍለጋ ጃፓን መሄድ አያስፈልገንም። ከካምፖ ያለ ዋጋ ልንወስደው የምንችለው መጠየቁን ነው።

አንዲት እናት ለልጇ የካምፖ ሐኪም የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች ልትጠይቃት ትችላለች። መቼ ይጀምርሻል? ስንት ቀን ይቆያል? ምን ሲደረግ ይሻልሻል? ይብስ የሚለው መቼ ነው? ለሦስት ወር በማስታወሻ ደብተር ላይ ቀኑን፣ የሕመሙን ጥንካሬ ከአንድ እስከ አሥር፣ የደሙን መጠንና የወሰደችውን መድኃኒት ብትጽፍ፣ ሐኪም ፊት ስትቀርብ «ያመኛል» ከሚለው አንድ ቃል የበለጠ ይዛ ትቀርባለች። አባትም ከዚህ ጨዋታ ውጭ መሆን የለበትም። ልጁ ወር በገባ ቁጥር ለምን ከትምህርት ቤት እንደምትቀር ማወቅ ያለበት አባት ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ጃፓናውያን ሆዳቸውን «ሃራማኪ» በሚባል ሰፊ መቀነት ይሸፍናሉ፤ የሞቀ ውኃ በላስቲክ አድርገው ይታቀፋሉ። በዚህ ጉዳይ ጥንታዊው ልማድና ዘመናዊው ጥናት ይስማማሉ፤ ሆድ ላይ የሚደረግ ሙቀት ቁርጠትን ያስታግሳል። የሚያስፈልገው አንድ ላስቲክ የሞቀ ውኃና በመካከሉ የሚደረግ ፎጣ ነው። ቀላል እንቅስቃሴም ይረዳል።

ሦስተኛው፣ የእኛን የቤት መድኃኒት በዚያው ሚዛን ማየት ነው። ትኩስ የዝንጅብል ሻይ ማንንም አይጎዳም ማለት ይቻላል። ጤና አዳምን አፍልቶ በብዛት መጠጣት ግን ሌላ ነው፤ በተለይ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። አያቶቻችን የሰጡን ሁሉ ጥሩ ነው ማለትም፣ ሁሉም ከንቱ ነው ማለትም አይጠቅመንም። ምን ያህል? ለማን? እስከ መቼ? ብሎ መጠየቅ ይጠቅመናል። ሐኪም ሲጠይቀንም የምንጠጣውን የባህል መድኃኒት አለመደበቅ ነው።

ሴኪሃን በምታበስለው አያትና እግሯን ዘርግታ በተኛችው ወጣት መካከል ብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል። በዚያ ሁሉ ዓመት «ቻይው» ብቻ ሲነገራት የኖረች ልጅ፣ በመጨረሻ አንድ ሰው እጁን ሆዷ ላይ በቀስታ አሳርፎ «እዚህ ጋ ነው?» ሲላት ምን እንደሚሰማት መገመት አያስቸግርም። ያንን ጥያቄ ለመጠየቅ እኛ ዓመታት መጠበቅ የለብንም። ዛሬ ማታ፣ ከእራት በኋላ፣ ልጆቻችንን መጠየቅ እንችላለን።